ላይፖሰክሽን ከማሠራትዎ በፊት፦ ታካሚ ደረጃ በደረጃ ሊያውቀው የሚገባ

ከቆዳ ሥር ያለ ስብን በቱቦ መጥጦ የማውጣት ሕክምና፣ በተለምዶ ላይፖሰክሽን የምንለው፣ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩት የውበት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ማስታወቂያው ቀላል ያስመስለዋል፤ ጠዋት ገብተው ማታ ቤትዎ ይገባሉ፣ ወገብዎም ይቀጥናል። ይህ መመሪያ ሕክምናውን ለማጥላላት አልተጻፈም፣ ለማሻሻጥም አልተጻፈም። ብዙ ሰዎች በውጤቱ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ ገንዘባቸውን፣ ጤናቸውን፣ አልፎ አልፎም ሕይወታቸውን ያጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአመዛኙ የሚፈጠረው ታካሚው የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ከመተኛቱ በፊት ነው፤ ማን ይሠራው፣ የት ይሠራ፣ ምን ያህል ይውጣ፣ ከምን ጋር ተደርቦ ይሠራ የሚሉት ጥያቄዎች በሚመለሱበት ጊዜ። እነዚህን ጥያቄዎች ሐኪሙ ብቻውን አይመልሳቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የእርስዎን ድርሻ የሚመለከቱ ናቸው።

1. የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይተው ይወቁ

ሐኪሙ ቆዳዎ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሰፋ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚያች ቀዳዳ በኩል መጀመሪያ ፈሳሽ ይገባል፤ በውስጡም ጨዋማ ውሃ፣ ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣና የደም ሥርን የሚያጠብ አድሬናሊን ተቀላቅለውበታል። ቦታው እስኪወጠርና እስኪጠነክር፣ ቆዳውም እስኪገረጣ ይጠበቃል። ከዚያ ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ ጎኑ ላይ የተበሳ ቀጭን የብረት ቱቦ ይገባና ሐኪሙ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ ስቡን ያላቅቀዋል፤ ከቱቦው ጋር የተያያዘው መምጠጫም ወደ ማጠራቀሚያው ይስበዋል። በፈሳሽ የመሥራቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን ናቸው። ከዚያ በፊት በደረቁ ሲሠራ ከሚወጣው ነገር እስከ 45 በመቶ የሚደርሰው ደም ነበር፤ በዚህ ዘዴ ግን ወደ 1 በመቶ ገደማ ወርዷል። ዛሬ በአልትራሳውንድም ሆነ በሌዘር የሚታገዙት ስልቶች ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ የማሽኑ ስም ብቻውን ውሳኔዎን እንዲመራው አይፍቀዱ።

ቱቦው የሚደርሰው ከቆዳ በታች፣ ከጡንቻ በላይ ያለውን ስብ ነው። ሆድዎን በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት የሚያዘው ስብ ይህ ነው። ቦርጭዎ ጠንካራና የተወጠረ ከሆነ፣ ሲቆነጥጡትም እምብዛም የማይያዝ ከሆነ፣ አብዛኛው ስብ ያለው ከጡንቻው በታች አንጀትና ጉበት ዙሪያ ነው፤ እዚያ ምንም ቱቦ መግባት የለበትም። ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር በይበልጥ የሚያያዘውም ይኸው የውስጥ ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ካላቸው 15 ሴቶች ሆድ እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ወጣላቸው፤ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቆይተው ሲመረመሩ ግን የኢንሱሊን አሠራራቸው፣ የደም ግፊታቸውና የደም ቅባታቸው አልተሻሻለም። ስለዚህ ላይፖሰክሽን ስኳርን፣ ግፊትን ወይም ውፍረትን ያክማል የሚልዎት ሰው ካለ፣ ማስረጃው ከእሱ ጋር አይደለም። የላላ ቆዳም አያጠብቅም፣ ሴሉላይት የሚባለውን የቆዳ መጎርበጥም አያጠፋም፤ ከወሊድ በኋላ የተራራቀ የሆድ ጡንቻንም አያገናኝም።

«እኔ ለጤናዬ ብዬ አይደለም፣ ለመልኬ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ተገቢ ምክንያት ነው፤ ለመልኩ የሚጨነቅ ሰውም ለማንም ማብራሪያ የመስጠት ዕዳ የለበትም። ግን ዓላማው መልክ ከሆነ ውጤቱም የሚለካው በመልክ ነው። ሚዛን ላይ ብዙ ኪሎ ይቀንስልኛል ብለው የገቡ ሰዎች ሥራው ጥሩ ሆኖ እንኳ ቅር ብሏቸው ይወጣሉ። ላይፖሰክሽን ቅርጽ የሚያስተካክል ሕክምና ነው፤ ክብደት መቀነሻ አይደለም።

2. ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ

ከዚህ ሕክምና በይበልጥ የሚጠቀመው ክብደቱ ለወራት ያልተለዋወጠ፣ ከሚገባው ክብደት ብዙም ያልራቀ፣ ቆዳው የመለጠጥና የመሰብሰብ አቅም ያለው፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ያልነካው ስብ በተወሰነ ቦታ ላይ ያለበት ሰው ነው። በቅርቡ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ብታቆየው ይሻላል፤ እርግዝናው የተስተካከለውን ቅርጽ ይለውጠዋልና። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት ወይም የደም መርጋት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ በሚመለከተው ስፔሻሊስት መታየት አለበት። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ሊፔዲማ በሚባለው፣ በአብዛኛው ሴቶችን በሚያጠቃውና እግር ላይ የሚያም ስብ በሚያከማቸው በሽታ ላይፖሰክሽን እንደ ሕክምና ያገለግላል። እግርዎ ከላይኛው አካልዎ ጋር የማይመጣጠንና ሲነካ የሚያም ከሆነ ስለዚህ በሽታ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች፣ ለአብዛኞቻችን ማለት ነው፣ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ቢሆኑም ቦታቸው ጠቁሮ ሊቀር ወይም ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ ሊወጣበት ይችላል። ጆሮዎን ሲበሱ፣ ክትባት ሲወስዱ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ ጠባሳው አብጦ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ቦታውንም ያሳዩ።

«ስፖርትም ሠራሁ፣ ምግብም ቀነስኩ፣ አልሆነልኝም፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?» የሚለው ጥያቄ በአክብሮት መመለስ አለበት። ውፍረት የፈቃደኝነት ማነስ ብቻ አይደለም፣ የሚታከም የጤና ችግር ነው። ሕክምናውም አለ፤ በሐኪም ክትትል የሚሰጡ መድኃኒቶችና ለከባድ ውፍረት የሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና። እነዚህ ክብደትን በእርግጥ ይቀንሳሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ ክብደቱ መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ይረጋጋል፣ ከዚያ የቀረው ቦታ በላይፖሰክሽን ይስተካከላል። በተገላቢጦሽ ሲኬድ አደጋው ይጨምራል፣ ውጤቱም አይዘልቅም።

3. ሐኪሙንና ተቋሙን ይመርምሩ

በብዙ አገሮች ማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም ራሱን «የውበት ሐኪም» ብሎ ሊጠራ ይችላል። መጠየቅ ያለብዎት በፕላስቲክና መልሶ መገንባት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆኑን ነው። በአሜሪካ የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ፣ በእንግሊዝ የጠቅላላ ሕክምና ምክር ቤቱ የስፔሻሊስቶች መዝገብ፣ በዱባይ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የሐኪሙን የሙያ ፈቃድና የተቋሙን የሥራ ፈቃድ ደረጃ ጠይቀው ይዩ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ለክሊኒክ ከሆነ፣ ያ ደረጃ ቀዶ ሕክምናን ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘው ይግቡ። ይህን ሥራ ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል? በራስዎ ታካሚዎች ላይ የሠሩትን ፎቶ ሊያሳዩኝ ይችላሉ? የሰመመን ባለሙያው ማነው፣ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ይቆያል? ኦክስጅን፣ የልብ መቆጣጠሪያና የማነቃቂያ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አለ? ነገር ቢበላሽ ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው የምወሰደው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው ወይ? ሌሊት ቢያመኝ ስልክ የሚያነሳልኝ ማነው? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የሚቆጣ፣ የሚቸኩል ወይም «ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት መልሱን አግኝተዋል። ዛሬ ቀብድ ካላስያዙ ቅናሹ ያመልጥዎታል ማለትም የሕክምና አነጋገር አይደለም።

4. መጠኑንና የሚደረበውን አስቀድመው ይወስኑ

ብዙ ማውጣት ጥሩ ማውጣት አይደለም። የሚወጣው ስብና ፈሳሽ ተደምሮ ከ5 ሊትር ሲበልጥ «ከፍተኛ መጠን» ይባላል፤ ያን ጊዜ የሰውነት ፈሳሽና ጨው ሚዛን ሊዛባ ስለሚችል ታካሚው ሆስፒታል አድሮ ክትትል ሊደረግለት ይገባል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ 5 ሊትር ሲባል 5 ኪሎ ስብ ማለት አይደለም፣ ከፊሉ አስቀድሞ የገባው ፈሳሽ ነው። የሊዶካይኑም መጠን በክብደትዎ ተሰልቶ ይወሰናል። ሊወጣ የታሰበው ስንት ሊትር እንደሆነና ከዚያ ላለማለፍ ሐኪሙ መስማማቱን ይጠይቁ።

ከመጠኑ ቀጥሎ ትልቁ ውሳኔ ላይፖሰክሽኑ ብቻውን ይሠራ ወይስ ተደርቦ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የተደረገ ጥናት ወደ 500 ሺህ ከሚጠጉ ሥራዎች 95 ሰዎች መሞታቸውን፣ ማለትም ከ5 ሺህ ገደማ አንድ ሰው መሆኑን አገኘ፤ ቀዳሚው ምክንያት የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ቁጥሩን ከፋፍሎ ተመለከተው። ላይፖሰክሽን ብቻውን ሲሠራ የሞተው ከ47,415 አንድ ሰው ነበር፤ የሆድ ቆዳን ቆርጦ ከማጥበቅ ሥራ ጋር ሲደረብ ግን ከ3,281 አንድ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አደጋው ከሚደረበው ነገር ጋር እንዴት አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያያል። ላይፖሰክሽን አደገኛ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ በጥቅሉ ሊመለስ የማይችለውም ለዚህ ነው፤ መልሱ በታካሚው ምርጫ ይለወጣል።

የወጣውን ስብ መቀመጫ ውስጥ መልሶ መውጋት፣ ቢ.ቢ.ኤል. የሚባለው፣ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ስቡ በስህተት ጡንቻ ውስጥ ወዳሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ከገባ ወደ ልብና ሳንባ ሄዶ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። የዘርፉ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ እንጂ ጡንቻ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይወጋ ያሳሰቡት፣ የእንግሊዙ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም በዚያው ዓመት አባላቱ ሥራውን እንዲያቆሙ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። «በአንድ ሰመመን፣ በአንድ ወጪ ሁሉንም ልጨርስ» የሚለው ሐሳብ ለኪስ ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ቀዶ ሕክምናው በረዘመ ቁጥር ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላም ታካሚው ብዙ መንቀሳቀስ አይችልም። ለሁለተኛው ሰመመን የሚከፈለው ገንዘብ ደኅንነት የሚገዛበት ነው።

5. ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ ክትትሉን አብረው ያቅዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ኢስታንቡል፣ ዱባይ ወይም ባንኮክ፣ ከአሜሪካ ወደ ላቲን አሜሪካ አገሮች ለዚህ ሥራ መጓዝ ተለምዷል። ከዳያስፖራም ለዕረፍት ሲመጡ አገር ቤት የሚያሠሩ አሉ። በእነዚህ አገሮች ብቁ ሐኪሞች መኖራቸው እውነት ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ችግሩ ያለው ጉዞው ራሱ ላይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ2009 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 93 አሜሪካውያን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞተዋል። በዝርዝር የታዩት ሞቶች በአብዛኛው የተከሰቱት በደም ሥር በተጓዘ ስብ ወይም በረጋ ደም ነው፤ ብዙዎቹ ሟቾች ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራቸውና በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያሠሩ ነበሩ። እነዚህ ምክንያቶች ከቀደመው ደረጃ ጋር አንድ ናቸው፤ ጉዞው የሚጨምርባቸው ለረጅም ሰዓት መቀመጥንና ከሐኪም መራቅን ነው።

ስለዚህ የቲኬቱን ቀን ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው ይቁረጡ፤ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ሳይሞላ አለመብረር የተለመደ ምክር ነው። ከሥራው በፊት ሐኪሙን በአካል ያግኙት፣ በማግስቱ ለመሠራት በሌሊት በረራ አይድረሱ። የተሠራውን፣ የወጣውን መጠንና የተሰጠውን መድኃኒት የሚዘረዝር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይቀበሉ። በአገርዎ ቁስሉን የሚያይልዎት ሐኪምም ከመሄድዎ በፊት ያነጋግሩ። ይህ ሁሉ ወጪ ተደምሮ የዋጋውን ልዩነት ካጠፋው፣ ቅናሹ ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው።

6. ሰውነትዎን ያዘጋጁ፣ ምንም አይደብቁ

ሲጋራም ሆነ ሺሻ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ቆዳው በደንብ እንዳይድን ያደርጋል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ሰመመኑን ያውካል። አስፕሪንና ሌሎች ደም ማቅጠኛዎች፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ማንኛውም የባህል መድኃኒት ሁሉ ይነገር፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የደም መርጋትን ስለሚጨምር ሌላ ዘዴ ለጊዜው ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። እንደ ኦዜምፒክ ያለ የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ በምንም ምክንያት አይደብቁት፤ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ስለሚያደርግ በሰመመን ጊዜ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የሆድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ወይም ኸርኒያ ካለብዎትም ያሳውቁ፤ በተሸነቆረ የሆድ ግድግዳ ቱቦው ወደ አንጀት ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል።

ዐቢይ ጾምን በመሰለ ረጅም ጾም መጨረሻ ላይ ወይም በረመዳን መካከል ቀጠሮ ባይይዙ ይመረጣል። ቁስል የሚድነው በፕሮቲንና በብረት ነው፣ የደም መጠንዎም በምርመራ መታወቅ አለበት። ጾመኛ ከሆኑ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በርከት አድርገው ይመገቡ፤ የደም ማነስ ከተገኘ ሥራው እስኪታከም ይቆይ። ከሰመመን በፊት ያለው ጾም ደግሞ የተለየ ነው፤ ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ ለ8 ሰዓት፣ ውሃ ለ2 ሰዓት ይታቀባል። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት አብሮዎት የሚያድር ሰውም አስቀድመው ይያዙ።

7. ከሥራው በኋላ የሚጠበቀውንና የማይጠበቀውን ይለዩ

በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ከቀዳዳዎቹ ሮዝ መልክ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፤ አልጋው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ያንጥፉ፣ አይደናገጡ። እብጠት፣ መበለዝና መደንዘዝ የተለመዱ ናቸው። ገላን አጥብቆ የሚይዘውን ልብስ ብዙ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲለበስ ያዛሉ፤ ልብሱ ከታጠፈ ቆዳ ላይ መስመር ስለሚያወጣ በየጊዜው ያስተካክሉት። በመጀመሪያው ምሽት ተነስተው ቤት ውስጥ ይራመዱ፤ «ተኝተሽ እረፊ» የሚለው የዘመድ ፍቅር እዚህ ላይ ይጎዳል፣ ደምን ከመርጋት የሚከላከለው እንቅስቃሴ ነውና። ውጤቱን በመስታወት ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ የሚወርደው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ የአንድ ባት ማበጥና መታመም፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ቁርጠትና ትውከት፣ ትኩሳት ከሚሰፋ መቅላት ጋር፣ ግራ መጋባት ወይም ከባድ ድብታ። ከንፈር መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸትና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም መሰማት የሊዶካይን መመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ከተወጋ ከ10 እስከ 14 ሰዓታት በኋላ ነው፤ ማለትም ታካሚው ቤቱ ገብቶ በተኛበት ሌሊት። አጠገብዎ የሚያድረው ሰው እነዚህን ምልክቶች ማወቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ከሳምንታት በኋላ ቀዳዳዎቹ አካባቢ የሚወጣና የማይድን እብጠትም ቢያጋጥምዎት፣ በመሣሪያ ንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አዝጋሚ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ማድረግዎን ጠቅሰው ይታዩ።

8. ውጤቱን ለማቆየት ይዘጋጁ

የወጣው የስብ ሕዋስ አይመለስም፤ የቀሩት ግን ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የተደረገ ጥናት ላይፖሰክሽን የተሠራላቸውን 36 መደበኛ ክብደት ያላቸው ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ስፖርት ያልሠሩት በ6 ወር ውስጥ የውስጥ ስባቸው በ10 በመቶ ጨመረ፤ ስፖርት የሠሩት ግን አልጨመረባቸውም። ያ የጨመረው ስብ ቱቦ የማይደርስበት፣ ለጤናም ይበልጥ የሚያሰጋው ዓይነት ነው። «መንቀሳቀስ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ታዲያ ለምን ከፈልኩ?» ለሚል ሰው መልሱ ሕክምናው የከፈሉለትን ቅርጽ ሰጥቶዎታል፣ ቅርጹን የሚያቆየው ግን አኗኗርዎ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚከተሉትን የእንቅስቃሴ ልማድ ከሥራው በኋላ ሳይሆን ከሥራው በፊት ይጀምሩ።

የስምምነት ቅጹን ቤትዎ ወስደው፣ በሚገባዎት ቋንቋ አንብበው ወይም አስነብበው ይፈርሙ። ያልገባዎት መስመር ካለ ብዕሩን ያስቀምጡ። ሐኪሙ «ለአንቺ አይሆንም» ወይም «ለእርስዎ ይቆይ» ካለ፣ እሺ የሚል ሌላ ሐኪም ከመፈለግዎ በፊት ለምን እንዳለ ይጠይቁ፤ ይህ ገቢውን ትቶ እምቢ ያለ ሐኪም በነጻ የሰጠዎት ምክር ነው። ቀብድ ከከፈሉ በኋላም፣ የሆስፒታሉን ልብስ ከለበሱ በኋላም ሐሳብዎን የመለወጥ መብት አለዎት። ማንም አጣዳፊ ሕመም ይዞት ወደ ላይፖሰክሽን አይገባም፤ ይህ ሕክምና ጊዜ ይሰጣል። ያንን ጊዜ ለመጠየቅ፣ ለመመርመርና ለመዘጋጀት የተጠቀመበት ሰው አደጋውን በእጅጉ ቀንሶ ይገባል።